ሐይቅ ዳር ያደርንበት ሎጅ፦ ለዓሣው አምስት፣ ለአጥሩ ዜሮ

መጀመሪያ ስለ ዓሣው ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ የምትሄዱት ለሱ ነውና።

ቆሮሶ ነው። ሙሉው፣ ጭንቅላቱ ሳይወርድ፣ ግራና ቀኝ ጎኑ ተተልትሎ፣ ቆዳው ቁርጥም እስኪል ድረስ የተጠበሰ። ከጎኑ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ ለሁለት የተከፈለ ሎሚና ትኩስ እንጀራ። በእጅ ነው የሚበላው። ሹካ የጠየቀ ሰው ካያችሁ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ከኛ ጠረጴዛ የጠየቀው ባለቤቴ ነበር።

ስድስት ነበርን። እኔና ባለቤቴ ከአዲስ አበባ፣ እናቴና ወንድሜ ከደሴ፣ የአክስቴ ልጅና ባሏ ከኮምቦልቻ። የአክስቴ ልጅና ባሏ ሙስሊም ናቸው፣ እናቴ ደግሞ ማኅበር የማያመልጣት ክርስቲያን። ወሎ ያላደገ ሰው ይሄ ነገር ምሳ መጋበዝን ምን ያህል እንደሚያወሳስብ አይገባውም። ፍቅሩ ሞልቷል፣ ሰርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ ነው፤ ሥጋ ሲሆን ግን የማን እርድ ነው ተብሎ ሁለት ትሪ፣ አንዳንዴም ሁለት ምግብ ቤት ይፈለጋል። ዓሣ ቢስሚላህም በስመ አብም አይጠብቅም። ስድስታችንም አንድ ትሪ ከበብን፣ እናቴ ለአክስቴ ልጅ አጎረሰቻት፣ እሷም መለሰችላት። ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም። ጾም አልነበረም።)

ቦታው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በጢጣ ትወጣላችሁ፣ አፄ ዮሐንስ በ1870 የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበትን ቦሩ ሜዳን ታልፋላችሁ፣ ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርድና ሐይቅ ከተማ ትገባላችሁ። ከከተማው እስከ ውሃው ባጃጅ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ደሴ ያለ ዘመድ ጋ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ ጊዜው እንደምታውቁት ነው።

የሎጁን ስም አልጽፍም። ስም ጠርቼ ማንንም ማሳጣት አልፈልግም፣ ደግሞም የማወራው ነገር የአንድ ሎጅ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ጎጆዎቹ ቆንጆ ናቸው። ክብ፣ ሣር ክዳን፣ ውስጣቸው ንጹሕ፣ አልጋው እንደ ደሴ ሆቴሎች መሐሉ የጎደጎደ አይደለም። ከበረንዳው ሐይቁ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ማታ ውሃው ጥቁር ይሆንና ማዶ ያሉት ቤቶች መብራት ላዩ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ጉም ይነሳል፣ ወፎች ይጮሃሉ፣ ሰው ዝም ማለት ያምረዋል። እኔ ከባለቤቴ ጋር ግማሽ ሰዓት ሳንጣላ ቁጭ ብለን ያደረግነው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ሙቅ ውሃ አለ ተብሏል፤ እኛ ጎጆ ግን ለብ ያለ ነገር ነው የመጣው፣ እሱም እኔ ተራዬ ሲደርስ አለቀ። ጄኔሬተሩ እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት ይጮሃል። ዋይፋዩ ሪሴፕሽን አካባቢ ብቻ ነው። ቡናው ግን፣ ልጅቷ ቁጭ ብላ ከአቦል እስከ በረካ ነው የምታፈላው፣ ዕጣኑም ፈንዲሻውም ሳይጎድል፣ እናቴ እንኳን ምንም አላወጣችለትም። እናቴ የሰው ቡና ስታመሰግን የሰማሁት በአርባ ዓመቴ መጀመሪያ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አጥሩ።

ስንደርስ አላየነውም። ከበሩ ስትገቡ ግድግዳው በአበባ የተሸፈነ ነው፣ ደስ ይላል። ጎኑን ያየሁት ከምሳ በኋላ እግሬን ላፍታታ ብዬ በውሃው ዳር ስሄድ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ስድስት ረድፍ የሾህ ሽቦ፣ ከኮረብታው ወርዶ ውሃው ውስጥ ገብቶ የሚቆም። ውሃው ውስጥ ገብቶ! ጉልበት ድረስ ካልነከራችሁ በስተቀር በዳርቻው ማለፍ አይቻልም። እንዲያውም መጨረሻው ቋሚ ላይ አንዲት ወፍ ቆማለች፣ እሷም የፈራች ትመስላለች።

ሽቦው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አማርኛው "ማለፍ፣ ከብት ማጠጣትና ልብስ ማጠብ በጥብቅ የተከለከለ ነው" ይላል። ከሥሩ ያለው እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው፤ ተፈጥሮን እየጠበቅን ስለሆነ እንኳን ደህና መጣችሁ ዓይነት ነገር። አንዱ ያባርራል፣ አንዱ ይጋብዛል። ወንድሜ አይቶ ሳቀ። "ውጫሌ እኮ እዚሁ ወደ ላይ ናት" አለ። እውነቱን ነው። በ1881 የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አማርኛው ሌላ፣ ጣልያንኛው ሌላ ሆኖ አድዋ ያደረሰን ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው። አካባቢው ልማድ ሳይኖርበት አይቀርም።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ከአጥሩ ማዶ አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ሦስት ላምና አንድ ጥጃ እየነዳ መጣ። ከብቶቹ ሽቦው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ልጁም ቆመ። ከብቶቹ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ውሃ ነው የሚያዩት። "በየት ነው የምታጠጣቸው?" አልኩት። በእጁ ወደ ላይ፣ ጎጆዎቹን ዞሮ፣ ኮረብታውን አልፎ አሳየኝ። "ሩቅ ነው?" "ድሮ እዚህ ነበር" አለ። ለጥያቄዬ መልስ አይደለም፣ ግን መልስ ነው።

ማናጀሩን ጠየቅኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እርስዎ እያለ ነው የሚያናግረኝ። "የሐይቁ ዳርቻ ጥብቅ ቦታ ነው፤ ከብት ሲገባ ቄጠማውን ይበላዋል፣ አፈሩን ይረግጠዋል፣ ውሃው ይደፈርሳል" አለኝ። ውሸት አይደለም። እውነት ለመናገር ከአጥሩ ወዲህ ያለው ቄጠማ ወፍሮ ቆሟል፣ ከማዶ ያለው ተግጦ መሬት ሆኗል። ገበሬውም ንጹሕ አይደለም። በሐይቁ ዙሪያ ስትሄዱ ማሳው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ታርሷል፣ ፓምፑ ቀን ከሌት ይስባል፣ ዝናብ ሲመጣ ከተራራው የሚወርደው ደለል ቀጥታ ውስጥ ነው የሚገባው። ይሄን ያደረገው ሎጁ አይደለም። ሎጁ ሳይኖርም ነበር።

ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። "ሽንት ቤቶቹስ ወዴት ነው የሚሄዱት?"

ማናጀሩ ትንሽ አሰበ። "ሴፕቲክ ታንክ አለን።"

"የት?"

ቆመን የነበረበትን ቦታ ተመለከተ። ከውሃው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ከብት በተከለከለበት ዳርቻ ላይ ስምንት ሽንት ቤት ተፈቅዷል ማለት ነው። ይሄ ሐይቅ ደግሞ እንደሌላው አይደለም። ጥልቀቱ 80 ሜትር ያልፋል፣ ስፋቱ ወደ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፣ የሚገባበት ወንዝ አለ፣ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። የገባው እዚያው ይቀራል። የላሟን ኮቴ የሚፈራ ሰው የኔን ሻምፖ እንዴት አይፈራም?

ከሰዓት ጀልባ ተከራየን። ከሎጁ ጀልባ ሳይሆን ከአጥሩ ማዶ ካሉት አንዱን፣ ወንድሜ ስለሚያውቃቸው። ባለ ጀልባው ሽማግሌ ናቸው፣ ፀጉራቸው ገብስማ፣ ቀዘፋቸው ግን የወጣት። ገዳሙ ድረስ ወሰዱን። ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ትልቁ ገዳም። ሴት አይገባም። እናቴ ከዳር ሆና ተሳለመች፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ጀልባው ላይ ቀረን፣ ወንዶቹ ወረዱ። እሷም "ተይው፣ እኔማ በሁለት ምክንያት ነው የማልገባው" ብላ አሳቀችን።

ጀልባው ላይ ቁጭ ብዬ ዛፎቹን ሳይ ነገሩ አስገረመኝ። የገዳሙ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ እስከ ውሃው ወርዷል። ሽቦ የለውም። እኔን እንደ ሴት ከልክሎኛል፣ ቅር ይለኛል ወይ ካላችሁ ትንሽ ይለኛል፣ እናቴ አትስማኝ እንጂ። ግን መነኮሳቱ የሚኖሩት እዚያው ነው። የከለከሉትን ነገር ለራሳቸው ሪዞርት አላደረጉትም። ሎጁ እኔን አስገብቶ ልጁን ከለከለ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያንገበግብ አላውቅም፤ ልጁን ስላየሁት ይሆናል፣ እኔን ያንገበገበኝ የሎጁ ነው።

ሽማግሌውን ስለ አጥሩ ጠየቅኳቸው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ቀዘፉ።

"መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይሉናል፣ አይደል ልጄ? ሕገ መንግሥቱ ነው አሉን። እኛ ሕዝቡ ነን ብለን ሄድን። መንግሥት ፈርሟል ብለው መለሱን።"

ቦታው የወል ግጦሽ ነበር አሉ። የመሬት ደብተር ያለው ሰው ለማሳው ካሳ ተሰጥቶታል፣ ለግጦሹ ግን ማንም አልተሰጠም፣ ምክንያቱም የማንም አልነበረም፤ የሁሉም ነበር። "መጤ መጥቶ አጠረብን" አሉ። ባለቤቱ ከየት ነው ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ እየከበዳቸው፣ "እዚሁ ነው የተወለደ። አባቱን አውቃቸዋለሁ" አሉኝ። ውጭ ሀገር ኖሮ ነው የመጣው። ታዲያ እንዴት ነው መጤ የሚባለው? "ያጠረ ሁሉ መጤ ነው" አሉና ወደ ቀዘፋቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከሎጁ ልውጣ፣ ታገሱኝ።

ያስተናገደን ልጅ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ትሪ በአንድ እጁ። አማርኛው ግን ትንሽ ለየት ይላል፣ አንዳንዱ ቃል ላይ ይጎተታል። እናቴ አታልፍም፣ "የማን ልጅ ነህ?" አለችው። የወሎ እናት ይህን ጥያቄ ሳትጠይቅ ምሳ አይወርድላትም። ወለጋ ነው የተወለደው። አያቱ ግን የዚሁ የተሁለደሬ ሰው ናቸው። በ1977 ድርቅ ጊዜ በሰፈራ የተወሰዱ። ያኔ ደርግ ወደ 600 ሺህ ሰው ነው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና ፓዊ ያጓጓዘው፤ ከሁሉ ብዙው ደግሞ የወሎ ሰው ነው። እዚያ ጫካ መነጠሩ፣ አርሰው ወለዱ። እዚያ ላለው ሰው ደግሞ ጫካውን የመነጠሩት መጤዎቹ ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት ቤታቸው ተቃጥሎ ሸሽተው መጡ። ሐይቅ አካባቢ መጠለያ ውስጥ ቆዩ፣ ቤተሰቡ አሁንም እዚያው ነው።

"እዚያ ሰፋሪ ነበርን" አለ ልጁ፣ ሎሚውን እያስቀመጠ። "እዚህ ተፈናቃይ ነን።"

እንደ ቀልድ ነው ያለው። እናቴ ግን እጇን ከትሪው አነሳች።

በኋላ ስጠይቀው የመንደሩ ልጆች ሎጁ ውስጥ ለምን እሱ ተቀጠረ እያሉ እንደሚያኮርፉት ነገረኝ። ከነሱ ቀድሞ መጤ ተቀጠረ ነው ነገሩ። ባለ ሎጁ ለምን እንደመረጠው ይገባኛል፤ መጠለያ ያለ ልጅ ደሞዝ አይከራከርም። እንግዲህ አስቡት። ግጦሹን ያጣው ሰው ቁጣውን ባለ ሽቦው ጋ ማድረስ አይችልም፣ ባለ ሽቦው አዲስ አበባ ነው ያለው። ስለዚህ ትሪ የሚሸከመው ልጅ ላይ ያወርደዋል። የልጁ አያት ግን ምናልባት እዚያው ሽቦው ሥር ነው ላም ያጠጡት።

ወንድሜ ደሴ ባዮሎጂ ያስተምራል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ መብላት አይችልም። ሁለተኛውን ዓሣ ሲጀምር "ይሄ ራሱ መጤ ነው" አለ። ቆሮሶ የዚህ ሐይቅ ዓሣ አልነበረም። በ1970 ገደማ ነው ከሌላ ቦታ አምጥተው የለቀቁት። አሁን ለዓሣ አጥማጁ እንጀራ ነው፣ ለኛ ምሳ ነው፣ ማንም ከየት መጣህ አይለውም። የአጥሩ ባሕር ዛፍም በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ አሁን ያለሱ አጥርም ቤትም የለም። እሺ፣ ወሎ የሚለው ስምስ? ተሁለደሬ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ፣ እነዚህ ሁሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከመጡ የኦሮሞ ጎሳዎች የቀሩ ስሞች ናቸው፤ ከዚያ በፊት አገሩ በሌላ ስም ይጠራ ነበር። ይሄን ሳወራ የሚቆጣ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን አያቴ አንዷ በዱአ፣ አንዷ በጸበል ያሳደጉኝ ሰው ነኝ፤ የጠራ ዘር ፍለጋ ውስጥ ብገባ ከራሴ ጋር ነው የምጣላው።

የአክስቴ ልጅ ባል ዝምተኛ ነው፣ ግን ማታ ቡና ላይ እሱ ያነሳው ነገር ከሁሉም ይበልጣል። አባቱ በደርግ ጊዜ ተራራ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ችግኝ የተከሉ ናቸው፣ ምግብ ለሥራ በሚባለው፣ በቀን 3 ኪሎ ስንዴና ትንሽ ዘይት እየተሰጣቸው። ተራራው ተከለለ። ከብት እንዳይገባ፣ ጭራሮ እንዳይለቀም። ዘበኛ ቆመ። ዛፉ አደገ፣ ቆንጆ ሆነ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ በወሎ ስንትና ስንት የተከለለ ተራራና የመንግሥት ደን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመነጠረ። "አባቴ ራሳቸው የተከሉትን ራሳቸው ቆረጡት" አለ። ለምን ስንለው፣ "የሳቸው መሆኑን ማንም ነግሯቸው አያውቅም ነበራ" አለ።

ልጅቷ በረካውን ቀዳችልን። ማንም ምንም አላለም ለትንሽ ጊዜ።

ወደ ሎጁ ልመለስ። ሽቦው ላይ የተቆጣሁት ተፈጥሮ አይጠበቅ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ጥሩ አድርጎ ሲጠበቅ አይቻለሁና ነው። ሰላም በነበረ ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አቡነ ዮሴፍ ወጥተን ነበር፣ ከላሊበላ በላይ፣ ከ4 ሺህ 200 ሜትር ያልፋል። ጅብራው፣ ጭላዳው፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮው። የሚያሳድሯችሁ የቀበሌው ሰዎች ራሳቸው ናቸው፣ ጎጆው የመንደሩ ነው፣ ከምትከፍሉት ላይ ለመንደሩ የሚቀር አለ። እንዲህ ያለው አሠራር ከሃያ ዓመት በፊት መቄት ላይ ነው የተጀመረው። ምግቡ ከዚህኛው ጋር አይወዳደርም፤ ሽሮና የገብስ ቂጣ ነው፣ አልጋው ይቆረቁራል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሽንት ቤቱን አልነግራችሁም። የሚከለከል ቦታ ግን እዚያም አለ። ከብት የማይገባበት ሣር አለ፣ ያሳየን መሪያችን በበትሩ ነው የጠቆመን፣ ሽቦ አልነበረውም። "ማን ይጠብቀዋል?" ብዬ ስጠይቀው የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኩት አየኝ። እሱም ቢሆን ሁሉም ደስተኛ ነው አላለም። ግጦሽ የጠበበበት ሰው ያጉረመርማል፣ ገንዘቡ በትክክል ተከፋፈለ አልተከፋፈለም የሚል ክርክር አለ። ግን የሚጨቃጨቁት እርስ በርስ ነው፣ ስብሰባ ላይ፣ በስም እየተጠራሩ።

ሎጁ ይሄን ማድረግ ያቅተዋል? ለከብት አንድ መውረጃ፣ ሦስት ሜትር የምትሰፋ፣ ድንጋይ የተነጠፈባት፣ በቀን ለሁለት ሰዓት የምትከፈት። ሽንት ቤቱን ወደ ላይ ማውጣት። ዓሣውን ከመንደሩ አጥማጆች መግዛት፤ ይሄን ያደርጋሉ፣ ለዚህ አመስግኛቸዋለሁ። ከመንደሩም ከመጠለያውም ልጆችን እኩል መቅጠር። ይሄን ሁሉ ለማናጀሩ ነገርኩት። ማስታወሻ ያዘ። የጻፈው የኔን ሐሳብ ይሁን የጎጆዬን ሂሳብ አላየሁም።

ሂሳቡን ካነሳን፣ ዓሣው ሎጁ ውስጥ 600 ብር ነው። ከአጥሩ ማዶ፣ ላስቲክ ወጥረው የሚጠብሱ ሴቶች አሉ፣ በግማሽ ዋጋ ይሸጡላችኋል፣ ያንኑ ዓሣ። እኔ እንዲያውም የነሱ አዋዜ ይበልጣል ባይ ነኝ። ወንበሩ ዝቅተኛ ነው፣ ጉልበት ያለው ሰው ይሂድ። በቴሌብር ይቀበላሉ። ሎጁም ይቀበላል፣ ግን ኔትወርክ የለም ተብሎ ሃያ ደቂቃ ቆመናል።

ለዓሣው አምስት፣ ለቡናው አምስት፣ ለአልጋው አራት፣ ለሙቅ ውሃው ሁለት፣ ለአስተናጋጁ ልጅ ከአምስት ስድስት። ለአጥሩ ዜሮ። ተደምሮ ሦስት ይሁን። እመለሳለሁ ወይ? ለምሳ አዎ። ለአዳር መውረጃዋ ስትከፈት።

አንድ የቀረ ነገር። እሑድ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ ጉሙ ገና ውሃው ላይ እንዳለ፣ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። ከጎጆዎቹ ጀርባ ኮሽታ ሰማሁ። ያ ልጅ ነው፣ ሦስቱ ላሞችና ጥጃው። ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ታጥፎ ወደ ላይ በዱላ ተደግፏል፣ ከብቶቹ አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ፣ እንደለመዱት ያስታውቃል። ዱላውን ይዞ የቆመው የሎጁ ጥበቃ ነው። አየኝ። እኔም አየሁት። ካፖርቱን ሰበሰበና በጣም የሚያስፈልግ ነገር እንዳየ ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመረ። ከብቶቹ ጠጥተው እስኪወጡ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ሽቦውን መለሰው።

በየት በኩል እንደሆነ አልነግራችሁም።